ቆራጯ

አሳባ፣ ከኒጀር ዳር፣ በሌሊት፣ ጄኔሬተር ሲያጓራ፣
መስኮቴን ሲያንኳኳው ከሰሃራ የመጣ አቧራ፣
ፊልም እቆርጣለሁ። ቆራጯ ይሉኛል፤
ሥራዬን ነው እንጂ ሆዴን ማን ያውቅልኛል።

የሌላ ሰው ዕንባ ርዝመቱን ለክቼ፣
ከሳቅ ላይ ጅራቱን፣ ከሲቃ ላይ ጫፉን አንስቼ፣
ትራፊው የኔ ነው፤
«ቁረጥ!» ከተባለ ወዲያ ካሜራ የረሳው፤
ተዋናይ የሰው ፊት አውልቆ የራሱን ሲያጠልቅ፣
ከኔ በቀር ማንም የማያይ፣ ማንም የማያውቅ።

ታሪኩ ያው ነው፤ ሚስት አለች፣ ባል አለ፣ የሚስት ወዳጅ አለች፤
ሁለቱ ሲጠግቡ አንዷ ማዕድ ታነሳለች።
ኡካማካ ሚስቲቱን ሆነች፤ የተከዳችዋን።
ጂዴ ባሏን።
ጂዴ፣ የኔው ጂዴ፤ ዝናብ ሳይገባ የዘንባባ ጠጅ አስይዞ
አባቴ ደጅ ሊመጣ ቃል የገባው፣ እጄን በእጁ ይዞ።

በዚያ እጁ ላይ ሰዓት አለ፤
ድልድዩን ተሻግሬ፣ ኦኒቻ ገበያ፣ ሻጩ «ወርቅ ቅብ ነው» እያለ
ተከራክሬ የገዛሁት። ማሰሪያው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ልል ነው፤
ሁለቴ በጥፍር ካልጫኑት አይገጥምም። ይህን የምናውቀው
ሁለት ሰዎች ነን፤ እሱና እኔ።

ትዕይንት አርባ አንድ። ሚስት ባሏን በጥፊ መታች።
«ቁረጥ!» አለ ዳይሬክተሩ። ግማሹ መብራት ጠፋ። ኡካ ውሃ ጠጣች።
ካሜራው ግን አልተኛም።
ጂዴ እጁን ሰደደላት፤ ምንም አላላትም።
እሷም ወደ ሌላ እያየች፣ ስለ ምሳ እያወራች፣
አውራ ጣቷን ሰነዘረች፤
አንዴ ጫነች፣
ሁለቴ ጫነች፤
ቀጭ።

አሥራ ሁለት ሰከንድ። መለስኩት። አሥራ ሁለት።
ከንፈር ከንፈር ቢስም «ድርሰት ነው» ባልኩት፤
ይህን ግን ማንም አልጻፈው፣ ማንም አላስጠናት፤
እጅ ብቻውን የተማረው ነው፣ አልጋ ጠርዝ ላይ፣ በስንት ንጋት።

ለጂዴ አላለቀስኩም። እውነቴን ነው።
ኡካ ግን... ንሱካ ስንማር ጫማችን አንድ ነበር፤ ልኩም የኔ ነው።
ለመድረክ ፈተና ስትቀርብ ጣቶቿን አጥፋ ታጠልቀዋለች፤
እያነከሰች ትመጣና «አለፍኩ!» ብላ እላዬ ላይ ትወድቃለች።
ታይፎይድ የጣለኝ ጊዜ፣ ለመድኃኒቴ ስልኳን ሸጠች፤
እናቷ «ልጄ የት ገባች?» ብላ ሦስት ወር ተንገበገበች።

ያን ሌሊት ስልኬን አነሳሁ፤ ክፉ ሲገጥመኝ የምደውለው ለእሷ ነው፤
ጣቴ ስሟ ላይ ደርሶ ቆመ። ኡካን ለኡካ እንዴት ነው የምከሰው?

በማግስቱ ዳይሬክተሩ መጣ። «ደርቋል» አለኝ፤ «መጀመሪያው፣
ሳይከዳት በፊት፣ ፍቅራቸው የታል? ሰው በምን ይመነው?
ሌላ ምስል የለሽም?»
አለኝ፣ አልኩት።
እጄ አልተንቀጠቀጠም።

የምረቃው ምሽት ኡካ ከጎኔ ነበረች።
በጨለማ ክንዴን መያዝ ልማዷ ነው፤ ያዘች።
ሸራው ላይ አውራ ጣት ወጣ፤ አንዴ፤ ሁለቴ፤
ቀጭ።
ከኋላችን አንዲት ሴት «ባልና ሚስት እንዲህ ነው!» ብላ ተነፈሰች።
የኡካ እጅ ከክንዴ ተነሳ፤
የት እንደሚያርፍ ቸገረው፤ እንደ ሰው ዕቃ ጭኗ ላይ ተረሳ።

በመጨረሻ ስሜ መጣ። «ቅንብር፦ ንዲዲ»። በኢግቦኛ ትዕግሥት ማለት ነው።
ሕዝቡ አጨበጨበ። ቁርጡን የምናውቅ ሁለት ነን፤
ሦስተኛው መድረክ ላይ እጅ እየነሳ ነው።

መብራት ሲበራ ቀና ብዬ ፊቷን ማየት አቃተኝ፤
ወደ ጫማዋ አየሁ።
አዲስ ነው። ጣት የሚያሳይ፣ ውድ። ልኳ ነው።
ጣቶቿ ግን
እንደ ንሱካው ጊዜ ታጥፈው ነበር።